የገመዱ ሹም

አንድ ዳኛ ነበረ፤ ስሙ ጓንጉል ይባላል። ጉቦ የማይበላ፣ ዘመድ ከባዳ የማይለይ፣ ነገር የማያንዛዛ ሰው ነበርና በአገሩ ሁሉ ይፈራም ይከበርም ነበር። «ጓንጉል ዘንድ የገባ ነገር ሳይቋጭ አያድርም» ይሉለታል። እሱም ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ፍርድ ለእሱ አንዲት ጥያቄ ነበረች፦ ያጠፋው ማነው? ያጠፋው ሰው ከተገኘ ነገሩ አለቀ፤ ሰዉም ወደየቤቱ ይሄዳል።

ያን አገር አንድ ጥልቅ ገደል ለሁለት ይከፍለዋል። ከገደሉ ሥር ወንዝ አለ። ከወዲህ በኩል ገበያውና የገዥው ግቢ፣ ከወዲያ ማዶ ደግሞ እርሻውና አብዛኛው ሕዝብ ይገኛል። በበጋ ሰዉ ወንዙን በእግሩ ይሻገራል። ክረምት ሲገባና ወንዙ ሲሞላ ግን ከገመዱ በቀር መንገድ የለም። ከአንዱ አለት እስከ ሌላው አለት አንድ ወፍራም የቃጫ ገመድ ተወጥሯል። በገመዱ ላይ በእንጨት ቀለበት የተንጠለጠለ ትልቅ ቅርጫት አለ። ሰው ከነሸክሙ እዚያ ውስጥ ይገባል፤ ሳቢዎች ከማዶ ሆነው ይጎትቱታል።

በአንድ ነሐሴ፣ በገበያ ቀን፣ ያ ገመድ ተበጠሰ። ቅርጫቱ ሙሉ ነበር። ጨውና በርበሬ የሸመቱ ሴቶች፣ ሙሽራ ልጁን ጠይቆ የሚመለስ አንድ ሽማግሌ፣ ጡት የሚጠባ ልጅ የታቀፈች እናት፣ ሁሉም አንድ ላይ ወንዝ ገቡ። ዘመዶቻቸው ወንዙን ተከትለው ብዙ ቀን ወረዱ። ሬሳ ያገኙት ጥቂቶቹ ናቸው። ሌሎቹ ባዶ አልጋ ላይ አለቀሱ።

የአገሩ ገዥ ጓንጉልን አስጠራውና «ጥፋተኛውን አምጣልኝ» አለው።

ጓንጉል በማግስቱ ችሎት ተቀመጠ። ገመዱን የገመደው ደምለው የሚባል ሰው ነበር። ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ፣ መዳፉ እንደ ቆዳ የጠነከረ ሰው።

«ገመዱን የገመድኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ። ግን…»

«ሌላ ሰው እጁን አስገብቶበታል?»

«የለም፣ እኔው ነኝ። ግን ጌታዬ…»

«‹ግን› የሚለውን ተወው» አለ ጓንጉል። «የሞቱት ሰዎች ‹ግን› ለማለት ጊዜ አላገኙም።»

ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ንግግሩ ልቡን ነክቶታል። ደምለው አንገቱን ደፋ። በገደሉ አፋፍ ካለው ዋርካ ላይ ሰቀሉት። ሳምንት ሳይሞላው አዲስ ገመድ ተገምዶ ተወጠረ። ገዥው በሬ አሳርዶ ሠራተኞቹን አበላ። ለጓንጉልም ካባ አለበሰው። ሰው ሁሉ «ደሙ ተመለሰ፣ ነገሩ አለቀ» አለ።

በዓመቱ፣ በዚያው በክረምቱ ወራት፣ አዲሱ ገመድ ተበጠሰ።

አሁንም ለቅሶ ሆነ፤ አሁንም ጓንጉል ተጠራ። ያን ገመድ ብዙ ሰው ተረዳድቶ ስለ ገመደው በዚህኛው ጊዜ ጥፋቱ በሳቢዎቹ አለቃ ላይ ወደቀ። ሰው አብዝቶ ጭኗል ተባለ፤ ምስክርም ተገኘበት። እሱም ዋርካው ላይ ዋለ። ሌላ ገመድ በጥድፊያ ተገምዶ ተሰቀለ፤ የገመደው የደምለው ታናሽ ወንድም ቢያድግልኝ ነበር። በፈቃዱ አልነበረም፤ ሌላ የሚችል ሰው ስለጠፋ ያን ጊዜ የነበረው የገመዱ ሹም ከቤቱ ጎትቶ አምጥቶት ነው።

በሚቀጥለው ግንቦት ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር፣ የገመዱን ሥራ በበላይነት የሚያዘው ያው ሹም ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ አገር ለቆ ጠፋ። ገዥው ሌላ ሰው ሊሾም ቢፈልግ አንዱ እግሬን አመመኝ አለ፤ አንዱ መነኩሴ ልሆን ነው አለ። ገዥው ተናደደና ጓንጉልን አስጠራው።

«ከዛሬ ጀምሮ የገመዱ ሹም አንተ ነህ» አለው።

«እኔ ዳኛ ነኝ እንጂ ስለ ገመድ ምን አውቃለሁ ጌታዬ?»

«ስለ ገመድ ባታውቅም ስለ ጥፋተኛ ታውቃለህ። ደግሞ ይቀለናል። አሁን ቢበጠስ ጥፋተኛ መፈለግ አያሻንም።»

በችሎቱ የነበሩ ሰዎች ሳቁ። ጓንጉል ግን ፈራ። ይህን ፍርሃት ከዚህ በፊት በሌሎች ሰዎች ፊት ላይ አይቶት ያውቃል፤ በራሱ ግን አያውቀውም ነበር።

ወደ ገመዱ ሥፍራ ወረደ። ሠራተኞቹ ሲያዩት ሥራቸውን ትተው ቆሙ። ከዋርካው ሥር የሚቀመጥ ሰው እንደሌለ አስተዋለ።

«ገመዱ እንዴት ነው?» አለ።

«ደህና ነው ጌታዬ።»

«የላላ፣ የተቆረጠ፣ የሚያሠጋ ነገር የለም?»

«ምንም የለም ጌታዬ።»

በማግስቱም ጠየቀ፤ ደህና ነው አሉት። ሳቢዎቹን ለብቻ ጠየቀ፤ ደህና ነው። ቃጫ የሚነክሩትን ሴቶች ጠየቀ፤ ደህና ነው። ግንቦት በዚህ «ደህና ነው» አለቀ። በልጅነቱ በሽተኛ አክስቱን «እንዴት አደርሽ?» ሲላት «ደህና» ትለው እንደነበርና በዚያው ሳምንት እንደሞተች ትዝ አለው።

ሰኔ ሲገባ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጣለ። ዝናቡ ሲያባራ ጓንጉል ብቻውን ወደ አለቱ ሄዶ ገመዱን በእጁ ጨበጠው፤ በመዳፉም ወደ ታች ሳበው። እጁን ሲያነሳ መዳፉ ጠቁሯል። ጥላሸት ነበር፤ በሞራ የተለወሰ ጥላሸት። ዝናቡ ጥላሸቱን አጥቦ በወሰደበት ቦታ ላይ ክሮቹ ተፈትልከው፣ እንደ አሮጊት ጠጉር ተንጨባረው ታዩት።

ደሙ ፈላ። ሠራተኞቹን ሰበሰበና ጥቁር መዳፉን ዘርግቶ አሳያቸው።

«ይህን የቀባው ማነው?»

ሰዎቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ማነው ብያለሁ!»

አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች። ወንዶቹ መሬት መሬቱን ያያሉ። ጓንጉል እነዚህን የተደፉ አንገቶች ሲያይ ደምለው ታየው፤ በችሎት ፊት እንዲህ ነበር የቆመው። ያን ጊዜ ጓንጉል ንዴቱ ከላዩ ላይ ተገፈፈ። ከዓመት እስከ ዓመት ይህችን ጥያቄ ሲጠይቅ ኖሯል። ሰዎቹ ጥላሸት መቀባት የተማሩት ከእሷ ነው። አንድም ቃል ሳይጨምር አሰናበታቸው።

የደምለው ሚስት አንጓች ከገመዱ ሥፍራ በላይ፣ ከኮረብታው ጫፍ ትኖራለች። ጓንጉል ከደጇ ሲደርስ እህል ታበጥር ነበር። አየችው፤ ማበጠሯን ቀጠለች። ግቡም አላለችው፣ ተቀመጡም አላለችው።

«ባልሽ ችሎት ላይ ‹ግን› ብሎ ነበር» አላት። «ከዚያ በኋላ ምን ሊል እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«ያን ጊዜ ያልጠየቁትን ዛሬ ምን አስጠየቀዎት?»

«ዛሬ ገመዱ የኔ ነው።»

«እሱስ እውነት ነው» አለች። «የራስ ሲሆን ጆሮ ይከፈታል።»

ሰፌዱን አስቀመጠች። ድምጿ አልጨመረም፣ አልቀነሰምም።

«ደምለው የሚያውቀው ምስጢር አልነበረውም ጌታዬ። ገመድ የነካ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ቃጫ ፀሐይ ይፈልጋል። ተነክሮ፣ ተቀጥቅጦ፣ ታጥቦ፣ ከዚያ አጥንቱ ድረስ መድረቅ አለበት። ገመዱ የሚበጠሰው ግን በክረምት ነው። ሲበጠስ ገዥው ‹ለመጪው ገበያ ይድረስ› ይላሉ። ቃጫው ከነውሃው ይገመዳል። ላዩን ነፋስ ያደርቀዋል፤ ውስጡ ታፍኖ ይበሰብሳል። በጋ ሲሆን ሰው በእግሩ ስለሚሻገር ገመዱን የሚያስታውሰው የለም። ክረምት ይመጣል፤ ገመዱ ውሃ ይጠጣል፤ ይከብዳል፤ ይበጠሳል። ሰው ይሰቀላል። እንደገና ከነውሃው ይገመዳል።»

ጓንጉል ከበሩ መቃን ላይ ተደገፈ። እያንዳንዱ ጥገና የሚቀጥለውን ሞት ይዞ ይወለድ እንደነበረ ገባው። ሕዝቡም ሰው ከተሰቀለ በኋላ ነገሩ ያለቀ ስለመሰለው፣ ማንም ወደ ኋላ ተመልሶ ቃጫውን አላየም። በሬ ታርዶ ተበልቶበታል። እሱም ካባ ለብሶበታል።

«ይህን ነገር ሰው ሁሉ ካወቀ ለእኔ ለምን አልተነገረኝም?»

አንጓች ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ቀጥ ብላ አየችው።

«ማን ይንገርዎት? ሊነግርዎት የጀመረውን ሰቀሉት።»

በማግስቱ ጓንጉል ሠራተኞቹን ሰብስቦ ማተቡን ይዞ ማለ። «ከዛሬ ጀምሮ ጉድለት ያሳየኝ ሰው፣ ጉድለቱ የራሱም ቢሆን፣ አይነካም። ካሳየኝ በኋላ ኃላፊነቱ የእኔ ነው» አለ። ሰዎቹ ሰሙት፤ ወደ ሥራቸውም ተመለሱ። የማለ ዳኛ አይተው ያውቃሉ፤ የተሰቀለ ሰውም አይተው ያውቃሉ። ማንም አልመጣም።

ከብዙ ቀን በኋላ ከወንዙ መንገድ ላይ ቢያድግልኝ ጠበቀው። የለበሰው አሮጌ ቡትቶ ነው፤ ደህናውን ጋቢ ለሚስቱ ትቶላት መጥቷል። ሞቼ አድራለሁ ያለ ሰው እንዲህ እንደሚያደርግ ጓንጉል ያውቃል።

«ያሁኑን ገመድ የገመድሁት እኔ ነኝ» አለ ቢያድግልኝ። «ከነውሃው ነው የገመድሁት። ጥላሸቱንም የቀባሁት እኔው ነኝ።»

ጓንጉል አሮጌው ልቡ ሲዘል ተሰማው። ያጠፋው ሰው ተገኘ! የፍርዱ ቃል ሳይታዘዝ ከምላሱ ጫፍ ደረሰ። በጭንቅ ዋጠው።

«ለምን ቀባኸው?»

«የላላ ክር ያየ ሰው ‹አንተ ነህ ያላላኸው› ስለሚባል ነዋ። ወንድሜን አይቼ!»

«የላላው የት የት ነው? ናና አሳየኝ።»

ቢያድግልኝ በትክክል ያልሰማ መስሎት ቆመ። ጓንጉል ቀድሞ መውረድ ሲጀምር ተከተለው። ከአለቱ ሥር ከተረፈው የገመዱ ጫፍ ላይ አንዱን ጉንጉን በቢላዋ ፈቱት። ላዩ ብጫና ጠንካራ ነበር። ውስጡ ጠቁሮ፣ ረጥቦ፣ በጣት ሲነኩት እንደ በሰበሰ እንጉዳይ ይፈራርሳል። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል።

ቢያድግልኝ በማግስቱ በሕይወት ሥራ ገብቶ ሲታይ አንዱ ሳቢ መጣና የእንጨቱ ቀለበት መሰንጠቁን ለጓንጉል ነገረው። ሌላው የአለቱ ስለት ገመዱን በየቀኑ እንደሚከረክረው አሳየው። ሴቶቹ ቃጫ ለማድረቂያ ጣራ ያለው ዳስ ኖሮ እንደማያውቅ ነገሩት። ጓንጉል በዚያ ሳምንት የሰማው እውነት ዳኛ ሆኖ በኖረበት ዘመን ሁሉ ከሰማው ይበልጣል።

የሰማውንም ይዞ ከባዱን ነገር አደረገ። ገመዱን ዘጋው። የደረቀ ቃጫ በአገሩ ስላልነበረ፣ የጥቅምት ፀሐይ ወጥታ አዲስ ቃጫ ደርቆ እስኪገመድ ድረስ ሰው አይሻገርም ብሎ አዘዘ። ክረምቱ ገና መጀመሩ ነበር። ገዥው «ያልተበጠሰ ገመድ ዘጋ የሚሉህ እውነት ነው? አብደሃል?» ብሎ ላከበት። ገበያው ባዶ ሆነ። ሰዉ በእሱ ላይ መዝፈን ጀመረ። ፈሪው ሹም አሉት።

ሐምሌ ላይ፣ ሰማዩ በተዘጋበት አንድ ጠዋት፣ ከወዲያ ማዶ አንድ ገበሬ ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ይጮህ ጀመር። ሚስቱ ምጥ ይዟታል። ልጁ አልዞረም። አዋላጇ ደግሞ ከወዲህ በኩል ናት። አዋላጇ ጩኸቱን ሰምታ ነጠላዋን አደግድጋ መጣች፤ ቀጭን፣ ዕድሜዋ የገፋ ሴት ናት።

«እኔ አልፈራም» አለችው ጓንጉልን። «ብሞትም ዕድሜዬን ጠግቤያለሁ። አሻግሩኝ።»

«ገመዱ የበሰበሰ ነው እናቴ።»

«እዚያ ያለችው ገና ልጅ ናት።»

ገበሬው ከማዶ ይጮሃል። «ጌታዬ፣ አንዲት ሴት ብቻ ናት! ቀጭን ናት! ገመዱ ይሸከማታል! ስለ ማርያም ብለው!»

ጓንጉል ገመዱን ጨበጠ። ቢያድግልኝን አየው፤ ቢያድግልኝ ራሱን ነቀነቀ፤ አይሆንም ማለቱ ይሁን አላውቅም ማለቱ አይለይም። ጓንጉል ዓይኑን ጨፍኖ «አይሆንም» አለ። አዋላጇ አፈሩ ላይ ተቀመጠች። ገበሬው ለመነ፣ ሰደበ፣ መልሶ ለመነ፤ በመጨረሻ ወደ ቤቱ ሮጠ። ከቀትር በኋላ ከወዲያ ማዶ የለቅሶ ድምፅ ተሰማ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓንጉልን እንደምን ዋልህ የሚለው ሰው ጠፋ። እሱም ራሱን አንድ ነገር ይጠይቅ ነበር፦ ገመዱ ያቺን ቀጭን ሴት ይሸከማት ነበር ይሆን? ቢያሻግራት ኖሮ ያውቀው ነበር፤ ስላላሻገራት ግን ዕድሜውን ሙሉ አያውቀውም።

የሕዝቡ ጩኸት ገዥው ጆሮ ደረሰ። በነሐሴ ወታደሮቹን አስከትሎ በበቅሎ መጣ። በሁለቱም አፋፍ ሕዝብ ተሰብስቧል።

«ክፈተው» አለ ገዥው።

«ሰው ከመግባቱ በፊት ድንጋይ ይግባ ጌታዬ» አለ ጓንጉል። «በገበያ ቀን የሚሳፈረውን ሰው ያህል ድንጋይ። ገመዱ ከቻለው በእጄ እከፍተዋለሁ። ከዚያ አንገቴን ይውሰዱት።»

ገዥው ፈገግ ብሎ ፈቀደ። ድንጋይ ተጫነ፤ ሳቢዎቹ ከማዶ መጎተት ጀመሩ። ቅርጫቱ እየተወዛወዘ ከገደሉ መሐል ደረሰ። መጀመሪያ እንደ ሳል ያለ ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ ገመዱ ለሁለት ተቆርጦ ሁለቱ ጫፎች አየር ላይ ተወናጨፉ፤ ቅርጫቱ ወደ ታች ሄደ። ወንዙ ሲቀበለው እንኳ ድምፁ አልተለየም።

አንዲት እናት ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበች። በዚያ ቀን ገመዱ ተከፍቶ ቢሆን ማን ማን እንደሚሳፈር ሁሉም ያውቃል፤ እርስ በርስ ተያዩ። ጓንጉል ግን ደስታ አልተሰማውም። ድንጋዩ የአንድ ገበያ ሰው ያህል ነበር እንጂ የአንዲት ቀጭን ሴት ያህል አልነበረም።

ገዥው በሕዝብ ፊት ስላፈረ ፊቱ ተለዋወጠ። ያፈረ ጌታ ደግሞ የሚጥልበት ይፈልጋል።

«ይህን የበሰበሰ ገመድ የገመደው ማነው?» አለ።

ሠራተኞቹ መሬት መሬቱን አዩ። ቢያድግልኝ ከመካከላቸው ነበር፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሹሙ እኔ ነኝ» አለ ጓንጉል። «ገመዱም ተበጥሷል። ያን ጊዜ ጥፋተኛ መፈለግ አያሻንም ብለውኝ ነበር።»

ገዥው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ እሱ ጎንበስ አለ። «ስማ፣ ሞኝ አትሁን። ዛሬ ብዙ ሰው አድነሃል፤ አይቻለሁ። የአንዱን ስም ስጠኝና ሹመትህ ይጽናልህ። ዳሱንም ሥራ፣ ቃጫውንም አድርቅ፣ የፈለግኸውን አድርግ። ሕዝቡ ግን አንድ ሰው ይፈልጋል።»

ጓንጉል አሰበ። የቀረበለት ነገር ቀላል አልነበረም። አንድ ስም ቢሰጥ ሥራውን ይጨርሳል፤ ብዙ ነፍስ ይተርፋል። ዝም ቢል ደግሞ ዳሱን ማን ይሠራዋል? ከዚያ የሠራተኞቹን ዓይን አየ። ቢያድግልኝ ዛሬ ቢሰቀል፣ ነገ የተሰነጠቀ ቀለበት ያየ ሳቢ ማንንም አይነግርም። ዳሱ ቢሠራ፣ ቃጫውም ቢደርቅ፣ ሌላ ነገር ይበሰብሳል፤ እሱንም ጥላሸት ይሸፍነዋል።

«ስሙን አውቀዋለሁ» አለ። «አልናገርም። ማተቤን ይዤ ምያለሁ።»

እግር ብረት አስገቡት። ሲወስዱት አንድ ነገር ብቻ ለመነ። «አዲሱ ገመድ የጥቅምት ፀሐይ ሳይነካው እንዳይገመድ» አለ። ገዥው እሺም እምቢም ሳይል በቅሎውን አዞረ። ከኮረብታው መታጠፊያ ላይ አንጓች ቆማ ነበር። ወታደሮቹን አስቆመችና በቅል ውሃ ሰጠችው። ጠጣና ቅሉን መለሰላት። አልመረቀችውም፤ አልረገመችውምም።

ጓንጉልን ወደ ቆላ ወሰዱት፤ ሙቀቱ ከሚያነድድ፣ የወባ ንዳዱ ከማይለቅ የእስረኛ ምሽግ። ገዥውም በጊዜው ሞተ፤ ሌላ ተተካ። የታሰረው ሰው ግን ተረሳ። ዓመታት አለፉ። ጠጉሩ ነጣ፤ ዓይኑ ደከመ። ለእስረኞቹ ገመድ እየገመደ ይሰጣቸው ነበር፤ መጥፎ ነበር አገማመዱ፤ ይስቁበታል።

አንድ ቀን በመሬት ክርክር ሰው የገደለ ጎልማሳ ወደ ምሽጉ መጣ። አነጋገሩን ሲሰማ ጓንጉል ከወዴት እንደሆነ አወቀ።

«ከገደሉ አገር ነህ?»

«አዎ፣ ከወዲያ ማዶ ነኝ።»

«ገመዱ እንዴት ነው?»

«የምን ገመድ?»

«የመሻገሪያው ነዋ!»

«እ፣ እሱማ አለ። ሰው ይሻገርበታል።»

«ምን ወሬ አለ?» አለ ጓንጉል፤ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ስለ ገመዱ ምን ይወራል?»

ጎልማሳው ለማስታወስ ሞከረ። ሊያስደስተው ፈልጎ ነበር፤ ግን የሚነግረው አጣ።

«ምንም ወሬ የለም አባቴ። ቢያድግልኝ የሚባል ሹም አላቸው። በየዓመቱ በጋ ላይ፣ ምንም ያልሆነውን ገመድ አውርደው አዲስ ይሰቅላሉ። ድንጋይ ጭነው ወዲያ ወዲህ ይጎትታሉ። ሰው ሥራ ፈቶች ይላቸዋል። ሌላ ወሬ የለም።»

ጓንጉል ጋቢውን ወደ ፊቱ ስቦ አለቀሰ። ጎልማሳው ደነገጠ።

«አይዞዎት አባቴ! ክፉ ነገር ተናገርሁ እንዴ?»

«የለም ልጄ» አለ ሽማግሌው። «ምንም ወሬ የለም ነው ያልኸኝ።»

በዚያው ዓመት ንዳድ ወሰደው። በገደሉ አገር አልተለቀሰለትም፤ መሞቱንም የሰማ የለም።

ወዳጆቼ፣ በገመዱ የሞቱትን ሰዎች ስማቸውን ጠርቶ የሚያለቅስላቸው ዘመድ አላቸው። በገመዱ ሳይሞቱ የቀሩት ግን መትረፋቸውን ራሳቸውም አያውቁም፤ ስለዚህ ያተረፋቸውን ሰው የሚያመሰግን የለም። ከተሰበረ በኋላ የሚጠግን ይሸለማል፤ እንዳይሰበር የሚደክም ሥራ ፈት ይባላል። አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት በከንቱ አይደለም። ሥሩን ያላየ ጥገና የሚቀጥለውን ስብራት ያዘጋጃል። ሥሩን ለማየት ደግሞ የሚያዩት ሰዎች አፍ መከፈት አለበት፤ ጥፋተኛ ፍለጋ በሚጣደፍ ቤት ውስጥ ያ አፍ አይከፈትም።

እርስዎም ቤተሰብ ያስተዳድሩ፣ መሥሪያ ቤት ይምሩ፣ ወርክሾፕ ይኑርዎት፣ ይህን አንብበው ለሌላው ከማካፈልዎ በፊት አንድ ነገር ያስታውሱ፦ ለመጨረሻ ጊዜ ጉድለት ሊነግርዎት የመጣው ሰው ምን ገጠመው?